እርጎና ከፊት የቆመው ዜሮ

ደብረ ማርቆስ ላይ ፋይል በመደርደር እኔን የሚያህል የለም። ለጉራ አይደለም የምለው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ጌቾ ፎቶ ቤት ከገባሁ ወዲህ የሙሽራው፣ የክርስትናው፣ የምርቃቱ ፎቶ ሁሉ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ሌላው ሰው የፎቶ ስም ሲቀይር አንዱን ይነካል፣ ይጽፋል፣ ሌላውን ይነካል፣ ይጽፋል፤ እሱ እስኪጨርስ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ። እኔ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ሦስት አራት መስመር ትእዛዝ እጽፍና አንዴ እመታለሁ። ሻዬ ሳይበርድ ሺህ ፎቶ ስሙን ቀይሮ፣ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ስክሪፕት ይሉታል። ያሳየኝ ጌቾ ራሱ ነው፤ ኮምፒውተሩን ቫይረስ እየበላ ቢያስቸግረው ዊንዶውሱን አውጥቶ ሊኑክስ ጫነና እግረ መንገዱን አስተማረኝ። አሁን ግን እበልጠዋለሁ። ይህንንም ነግሬዋለሁ።

እሱ መልሶ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እጅሽ ፈጣን ነው፣ የሠራሽውን ግን ዞር ብለሽ አታዪም ይለኛል። ቅናት ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ባዘዘው የሚባለው አጎቴ አማኑኤል ከተማ አጠገብ ይኖራል፤ ሥራው በቅሎ ማሠልጠን ነው። እንደ እሱ ያለ ሰው አሁን ብዙ አልቀረም፣ ሁሉም ባጃጅ ገዛ። እርጎ የምትባለውን በቅሎውን ገና ውርንጭላ ሳለች ነው ያገኛት። ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯን በጠፍር እያሰረ፣ በታረሰ መሬት ላይ እያስኬደ ሰጋር አደረጋት። ለማያውቅ ሰው፣ ሰጋር ማለት ስትፈጥን የማትዘል፣ የተቀመጠባትን ሰው የማታናውጥ ማለት ነው። ሌላዋ በቅሎ ስትሮጥ አንጀት ይላወሳል፤ ሰጋር ግን ከሆዷ በታች ትሮጣለች፣ ከሆዷ በላይ ቆማለች። ስሟንም ያወጣላት በዚሁ ነው። አንድ ቅል እርጎ ጭነህባት ደምበጫ ብትደርስ ቅቤ አይወጣውም ይላል።

ታዲያ ደምበጫ ላይ እህል የሚነግዱ አቶ ካሴ የሚባሉ ሰው ሰጋር በቅሎ ያፈላልጋሉ ሲባል ሰማ። ለእናታቸው ነው። እናታቸው እማሆይ ወለተ ኪዳን ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ አጥንቱ ጠማማ ገጥሞባቸዋል። መራመድ አልሆነላቸውም፤ ባጃጅ ላይ ሲያወጧቸው ደግሞ ኮረኮንቹ ያስለቅሳቸዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ዳገት ላይ ነው። ከተሰበሩ ወዲህ ቅዳሴ አላስቀደሱም። አቶ ካሴ ሰጋር ናቸው እየተባለ የመጡ በቅሎዎችን ሞክረው፣ ሁሉም እናታቸውን አሳምመው ስለተመለሱ፣ አሁን መጀመሪያ አካሄዷን በቪዲዮ ልይ፣ ካማረኝ ትምጣ አሉ። ካላማራቸው አጎቴ በገበያው ቀን እርጎን ደምበጫ አውጥቶ ለጫኝ ሊሰጣት ነው። መኖው አልቋል፣ ሌላ ፈላጊም የለም። ጭነት የገባች ሰጋር ደግሞ አለቀላት። ብሎኬትና ሲሚንቶ ስትሸከም አረማመዷ ይበላሻል፤ ሁለት ዓመት የተማረችውን በአንድ ክረምት ትረሳዋለች።

ቪዲዮውን ለእኔ ተወው አልኩት። ማን አለና።

የእኔ ስልክ የሚቀርጸው ቪዲዮ ጭቃ ነው። የጌቾ ካሜራ ደግሞ ቪዲዮ መቅረጫዋ ከሞተ ቆይቷል፤ ፎቶ ግን ጣት ካላነሱባት እንደ መትረየስ ታከታትላለች። ለሌላ ሰው ይሄ ችግር ነው። እኔ ፎቶዎችን በተርታ አጣብቆ ቪዲዮ የሚያደርግ ትእዛዝ አውቃለሁ። ጌቾን ጨቅጭቄ ካሜራዋን ይዤ አማኑኤል ወረድኩ። አጎቴ ጋቢውን አጣፍቶ እርጎን ሜዳው ላይ ከዋርካው እስከ ወንዙ አፍ አሰገራት። እኔ ጣቴን አላነሳሁም። ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ ይዤ ማታውኑ ሱቅ ተመለስኩ።

ካሜራዋ ለፎቶ የምታወጣው ስም ያስጠላል። መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት። ይሄ ሁሉ ዜሮ ምን ይሠራል? አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን ቲቸር ከፊት የቆመ ዜሮ ዋጋ የለውም ብለው ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሰርዘው አሳይተውናል። ከትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት ነገር ትንሽ ነው፤ ያንን ግን ይዤዋለሁ። በአንድ ስክሪፕት ፊደሉንም ዜሮውንም ጠረግኩት። 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 214። ንጹሕ። ከዚያ ፎልደሩን በተርታ አጣብቅልኝ አልኩት።

ሲያጣብቅ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እንደጨረሰ ልየው ወይስ ልላከው? አልኩና ለአቶ ካሴ ላክሁት። ከሥሩ «እንደ ውኃ የምትፈስ በቅሎ፤ ቀራጭ የብርጓል» ብዬ ስሜንም ጻፍኩበት። መብራቱም ሄደ። እየዘፈንኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። አቶ ካሴ ገና በሌሊት ደውለው፣ በቅሎህ ትሄድ ትሄድና ድንገት ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ደግሞ እንደ ፌንጣ ዘልላ ፊት ትገኛለች፣ እናቴን በዚች ላይ ላውጣት ነው ወይ ብለውታል።

አጎቴ ቪዲዮውን አልጠረጠረም። የእሱ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ቪዲዮውንም አላየውም። የጠረጠረው በቅሎዋን ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ አራቱንም እግሯን ሲደባብስ፣ ሰኮናዋን ሲያንኳኳ አርፍዷል። ሚስቱ ጠበል ረጭታታለች። አንዱ ጎረቤት ጉልበቷን በቅቤ አሽቷል። ሌላው መጥቶ የሰው ዓይን ነው፣ መልኳን ከተማ ለከተማ ለምን ታዞራላችሁ ብሎ ተቆጥቶ ሄዷል።

«ምኗን እንደሚያማት አልነግር አለችኝ» አለኝ አጎቴ።

  ነገ ገበያ ነው፣ ለጫኝ እሰጣታለሁ፣ የታመመች በቅሎ ለሰው እናት አትሰጥም አለና ዘጋው።

ያኔ ሱቅ ገብቼ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

እርጎ ከዋርካው ሥር ትነሣለች። አንድ እርምጃ ሳትሄድ ሜዳው መሐል ናት። እዚያ ትንሽ ትሰግርና ብድግ ብላ ዋርካው ሥር ትመለሳለች። ደግሞ መሐል። ደግሞ ዋርካው። አጎቴ ላይዋ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ኮርቶ፣ አብሯት ወዲያና ወዲህ ይወረወራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ጌቾ በትከሻዬ በኩል አየና እሱ ሳቀልኝ። ፎልደሩን ክፈቺ አለኝ። 1፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 100፣ 101፣ 102 እያለ ይወርድና 11 ይላል። 2 የለም። ሳወርድ ሳወርድ ከ199 ሥር እንደ ተቀጣ ልጅ ቆሞ አገኘሁት። ኮምፒውተር የፋይል ስም ሲደረድር አይቆጥርም አለኝ ጌቾ፤ እንደ ቃል ነው የሚያነበው፣ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ። በአንድ የጀመረ ሁሉ፣ መቶም ይሁን መቶ ዘጠና፣ በሁለት ከጀመረው ይቀድማል። ካሜራዋ ዜሮ ከፊት የምታስቀድመው ለዚህ ነበር፣ ሁሉም እኩል አሃዝ እንዲኖረው። ዜሮ አድርጊበት አለኝና ካሜራዋን አንጠልጥሎ የክርስትና ፎቶ ሊያነሣ ወጣ። ሊወጣ ሲል በቅሎዋ ኮምፒውተሩ ላይ አለች አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አለች አልኩት።

ዜሮ አድርጊበት ካለኝ አደረግኩበታ። ሁሉም ላይ። 01፣ 02፣ 010፣ 0100። አጣበቅኩ፤ እርጎ ዘለለች። እንደገና አጣበቅኩ፤ እንደገና ዘለለች። ኋላ ነው የገባኝ፦ ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቆብ ቢደፋ፣ አጭሩ ያው አጭር ነው።

መቀመጥ አቃተኝ። ሱቁ ደጃፍ ወጥቼ አስፋልቱን አያለሁ፣ ገብቼ ስክሪኑን አያለሁ። የብሎኬት ጋሪ ባለፈ ቁጥር የሚጎትተው አህያ አንገት ላይ የእርጎ ፊት ይታየኛል። ጌቾ ጋ ደወልኩ። ከጀርባው እልልታ አለ፤ እየጮኸ ነው የሚያወራው። ለአጭሩ ብቻ ነው ዜሮ የሚሰጠው፣ ፐርሰንት ዜሮ ሦስት ዲ ብለሽ ጻፊ፣ ሦስት አሃዝ ያልሞላውን በዜሮ ሙላው ማለት ነው አለኝ። የቀድሞውን ዜሮ መጀመሪያ አጥፊ ማለቱን አልሰማሁም። ብሏል አላለም እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ጻፍኩ፣ መታሁ። የስሕተት መስመር እንደ በረዶ ወረደ። 08 ላይ ይጮሃል፣ 09 ላይ ይጮሃል፣ 018 ላይ ይጮሃል። ለእኔ የስሕተት ጽሑፍ እንደ ባጃጅ ጥሩምባ ነው፣ ዞር ካላሉለት ጮሆ ጮሆ ያልፋል። አለፈ። ፎልደሩን ስከፍተው ፎቶው አንሷል። በጣም አንሷል። የቀረውን ባጣብቀው እርጎ ጭራሽ ባሰባት፤ ዋርካው ሥር ታየችና ወንዙ አፍ ላይ ናት፣ መሐሉን የሄደችበት ፎቶ የለም።

ጌቾ ሲመለስ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ፎልደሩን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ነገረኝ። ያ ትእዛዝ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ሲሰጡት ሌላ አቆጣጠር ነው ብሎ ያስባል፣ በስምንት በስምንት የሚቆጠር። በዚያ አቆጣጠር ስምንትና ዘጠኝ የሚባሉ አሃዞች የሉም። ስለዚህ 010ን አሥር ሳይሆን ስምንት ብሎ አነበበው፣ 08ን ደግሞ ምን እንደሆነ አጥቶ ባዶ አደረገው። አንዱ ፎቶ በሌላው ስም እየተሰየመ የቀደመውን እየዋጠው ሄደ።

እኔ ሰባተኛን ያልጨረስኩት እንኳ ዘጠኝን አውቃለሁ አልኩ። ጌቾ አልሳቀም። የካሜራዋ ካርድስ ብዬ ጠየቅሁት። ካርዱን አጽድቶ ነው ክርስትናውን ያነሣበት። ኮምፒውተሩ ላይ አለች ብለሽኛል አለኝ፤ ብያለሁ።

ለአጎቴ ደወልኩና በቅሎዋ ደህና ናት፣ የታመመው ቪዲዮው ነው፣ እግሯን ተዋት አልኩት። ጠዋት ወደ ገበያ እንደሚነሣ ነገረኝ። አቶ ካሴም ሌላ ቪዲዮ አልፈልግም ብለዋል አለኝ። ገበያ ከመድረስህ በፊት እሳቸው ቤት በኩል እለፍ ብዬ ለመንኩት። የፈለግሽውን አድርጊ ብሎኝ የማያውቀው ሰው የፈለግሽውን አድርጊ አለኝ። ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው።

ጌቾ ካሜራዋን ሳልጠይቀው ሰጠኝ። ከሱቁ እንድጠፋለት ነበር መሰለኝ።

በመጀመሪያው ሚኒባስ አማኑኤል ገባሁ። አጎቴ እርጎ ላይ ኮርቻ ጭኖ መንገድ ላይ ነበር። ጉልበቷ ገና በቅቤ ያብረቀርቃል። ሜዳው ላይ አንዴ አሰግርልኝ አልኩት፤ አሰገራት፣ አነሣሁ። ሲጨርስ ምንም አልተቆጣኝም። ልጓሟን እየያዘ «በቅሎዋን ይቅርታ ጠይቂያት፤ ትናንት ሙሉ ቀን እግሯን ስንጨምቃት ነው የዋልን» አለኝ። ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። ጆሮዋን አራገበችብኝ።

እሱ በበቅሎ ሄደ፣ እኔ በሚኒባስ ቀድሜው ወደ ደምበጫ። ጥቁሩን መስኮት ስልኬም ላይ ጭኛለሁ። ካርዱን ከስልኬ ጋር አገናኝቼ፣ ጭኔ ላይ የአንዲት ሴት ዶሮ እየተፈራገጠች፣ ትእዛዙን ጻፍኩ። ስም አልቀየርኩም። አንድም ዜሮ አልነካሁም፤ ካሜራዋ እንዳስቀመጠቻቸው ተዉኳቸው። ባትሪዬ ቀይ ነበር። ሲያልቅ ከፈትኩና አየሁት። ደግሜ አየሁት። እርጎ ከዋርካው እስከ ወንዙ አፍ ሄደች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። ከጎኔ ያለችው ሴት የዶሮዋን እግር እየያዘች፣ በቅሎ ሲሄድ አይተሽ አታውቂም እንዴ አለችኝ።

ደምበጫ መግቢያ ላይ ስጠብቅ ቆሜ አላውቅም፤ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። የገበያው ሰው ፈረስና ባጃጅ ሆኖ በላዬ ላይ ያልፋል። አጎቴ ሲመጣ አንድ ብሎኬት ጫኝ ከእኔ ቀድሞ ደረሰበት። የእርጎን አፍ ከፍቶ ጥርሷን አየ፣ ጀርባዋን በመዳፉ ጠፈጠፈና ሰፊ ነው፣ ይይዛል አለ። የአጎቴ እጅ ልጓሙን ሊያቀብለው የተዘረጋ መሰለኝ። እኔ ልጓሙን ይዤ በአቶ ካሴ ሰፈር በኩል ጎተትኳት። ጫኙ ለመመለሳችን እርግጠኛ ሆኖ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አቶ ካሴ በሩን ግማሽ ከፍተው በቅሎዋን ሲያዩ መልሰው ሊዘጉት ነበር። ትናንት ያየሁት ይበቃኛል አሉ። አንዴ ብቻ ይዩልኝ ብዬ ስልኬን በበሩ ክፍተት አስገባሁ። አዩት። መልሰው ከመጀመሪያው አዩት። ይህች ያችው ናት ወይ ብለው አጎቴን ጠየቁት፤ ያችው ናት አለ። በሩን ሙሉውን ከፈቱት። ያኔ ስልኬ ሞተ፤ ግን ሥራውን ሠርቶ ነው የሞተው።

እማሆይ ወለተ ኪዳን ግቢው ውስጥ መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸው ከጎናቸው አለ። እርጎን ከጆሮዋ እስከ ሰኮናዋ ተመለከቷትና የምትዘል የተባለችው ይህች ናት ወይ አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ውኃ አምጡልኝ፣ ብርጭቆው እስከ አፉ ይሞላ አሉ። ልጃቸውና አጎቴ ግራና ቀኝ ይዘው እርጎ ላይ በጎን አስቀመጧቸው። ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ አቶ ካሴ ሊያወርዷቸው እጃቸውን ሲዘረጉ በምርኩዛቸው ገፉት።

የሞላውን ብርጭቆ ሲይዙ አጎቴ ልጓሟን ስቦ ቀስ ብሎ ግቢውን አዞራቸው። ከዚያ እማሆይ ከግቢ አውጣኝ፣ አፍጥናት አሉት። ኮረኮንቹ ላይ አፈጠናት። እኔና አቶ ካሴ ከኋላ እንሮጣለን፤ ዓይናችን ብርጭቆው ላይ ነው። ውኃው ጠርዙ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አይወርድም። እስከ መታጠፊያው ሄደው ተመለሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ እማሆይ አማተቡና ውኃውን እስከ ጥጉ ጠጥተው ባዶውን ብርጭቆ ለልጃቸው ሰጡት።

«የፊታችን እሑድ በእሷ ነው የምሄድ» አሉ።

አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አየሁት፤ አላየሁም መሰልኩ። ጫኙ ገና ድንጋዩ ላይ እንደሚጠብቅ ትዝ ሲለኝ ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን እኔ ነኝ። ዳገቱን አሁኑኑ ልሞክራት ብለው እማሆይ ሲነሡ ከፊታቸው ቀደምኩና፣ የሞተውን ስልኬን እንደ መስቀል ወደ ላይ ይዤ፣ ወደ ኋላ እየተራመድኩ አስረዳኋቸው። ይህች በቅሎ ለጭነት ልትሄድ እንደነበር፣ ያዳናት ቪዲዮው እንደሆነ፣ ቪዲዮውን ያዳነው ደግሞ ዜሮ እንደሆነ። ሰው ከፊት የቆመ ዜሮ ዋጋ የለውም ይላል፣ ግን ሁሉንም በተርታ የሚያሲዘው እሱ እንደሆነ፤ ይህን ደግሞ በዚህ አገር አጥርቶ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ እንደሌለ። እርጎ አፍንጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ቆመች። እማሆይ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ጨረስሽ?» አሉ። «በቅሎዋ መሄድ ታውቃለች፤ መሄጃ የከለከልሻት አንቺ ነሽ። ዞር በይ።»